ደሴቶቻችንና እንግዶቻቸው
ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ጣና

ደሴት ማለት ዙሪያዋን ውሃ የከበባት ምድር ናት። ይህን ከጂኦግራፊ ትምህርታችን ሁላችንም እናውቀዋለን። የኢትዮጵያን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ደሴት ከዚህ የሰፋ ትርጉም አላት። ሀገራችን ኤርትራ ከተለየችበት ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ደሴቶች ግን አሏት። እነዚህም በደጋ ሐይቆች መካከል የሚገኙ ትንንሽ ምድሮች ሲሆኑ፥ በጦርነት ዘመን መጻሕፍት የተሸሸጉባቸው፥ በሰላም ዘመን ሊቃውንት የተማሩባቸው፥ ነገሥታትም ከሞቱ በኋላ ያረፉባቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

በእኛ ዘመን ደግሞ ለደሴቶቹ አዲስ እንግዳ መጥቶላቸዋል፤ እርሱም ሀገር ጐብኚው ነው። ጐብኚው ለጀልባ ይከፍላል፥ ምሳ ይበላል፥ ሆቴል ያድራል፥ የእጅ ሥራ ይገዛል፤ ስለዚህ በደረሰበት ሁሉ ገንዘብ ይተዋል። ነገር ግን የሚተወው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ለእርሱ ሲባል መንገድ ይጠረጋል፥ ሆቴል ይቆማል፥ የሐይቁ ዳር ይመነጠራል፤ የሆቴሉም ፍሳሽ ወደ አንድ ቦታ መሄዱ አይቀርም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እንግዳውን ተቀብለን፥ ከእርሱም ተጠቅመን፥ እርሱ ሊያየው የመጣውን ነገር ሳናጠፋ ለመኖር እንችላለን ወይስ አንችልም?

«ሰንበቴ ደሴት የላት፤ ይህ ጉዳይ ምኗ ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ታላቁ መንገድ በከተማችን መካከል ያልፋል። በስሟ ሰንበትን የምታስታውሰው ከተማችን እሑድ ገበያዋ ሲቆም ኦሮሞው፥ አማራው፥ አፋሩና አርጎባው እንደሚገናኙባት፥ የውጭ ሀገር ጐብኚም ይህን ለማየት ከመኪናው እንደሚወርድ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከዚህም በላይ ይኸው መንገድ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፥ ደሴንም ተሻግሮ ወደ ሐይቅ ያደርሳል። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት «ገበታ ለትውልድ» ብሎ ካወጃቸው የቱሪዝም ሥራዎች መካከል አንዱ በዚያው በሎጎ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ ነገ ከትምህርት ቤታችን የሚወጡ ወጣቶች ሥራ ሊያገኙበት የሚችሉ፥ ወይም የጠፋ ነገር ሊወርሱበት የሚችሉ የጎረቤት ጉዳይ ነው።

የሐይቅ ደሴት ታሪክ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስሟንም ያገኘችው በአጠገቧ ካለው ውሃ ነው፤ ውሃው በጥንት ስሙ ሎጎ ይባላል። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሀገራችን ጥልቅ ሐይቆች አንዱ ነው። ከላዩ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ትርፍ ውሃውም በአንቀርቃ ወንዝ አድርጎ ወደ ሎጎ ይወርዳል። ከሎጎ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውሃ በፀሐይ ይተንናል ወይም ወደ ምድር ይሰርጋል እንጂ ወደ ሌላ አይፈስስም። አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ እንዲይዛት እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስባታለን። መውጫ የሌለው ቤት የገባበትን ሁሉ ያስቀራልና።

በዚህ ሐይቅ ላይ በነበረችው ደሴት አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 ገዳም አቋቋሙ። እርሳቸው በትግራይ በደብረ ዳሞ የተማሩ መነኩሴ ነበሩ። ትውፊት እንደሚለው በስፍራው ቤተ ክርስቲያን ከእርሳቸውም በፊት ነበር፤ ነገር ግን ሐይቅ እስጢፋኖስ በኢትዮጵያ ሁሉ ስሙ የተሰማው በእርሳቸው ዘመን ነው። ገዳሙ የጸሎት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ቤትና የመጻሕፍት ቤት ጭምር ነበር። ብዙ ገዳማትን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ ለዓመታት የተማሩት በዚሁ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ የተጻፈውና በሥዕል ያጌጠው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እስከ ዛሬ ድረስ ከሀገራችን ታላላቅ የብራና መጻሕፍት መካከል ይቈጠራል። የገዳሙም አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ዘንድ ትልቅ ሥልጣን ነበረው።

ይህ ሁሉ ሀብት በደሴት ላይ የተቀመጠው በአጋጣሚ አይደለም። ውሃው ግንብ ሆኖ ያገለግል ነበር። ወደ ገዳሙ የሚሻገር ሰው በታንኳ ካልሆነ በቀር መንገድ አልነበረውም፤ በታንኳ የሚሻገር ደግሞ ከሩቅ ይታያል። በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ሀገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን የደሴት ገዳም በጉዞ መጽሐፉ ጠቅሶታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተነሣው ጦርነት ግን በ1531 ውሃውም አላዳነው፤ ገዳሙ ተወረረ፥ ብዙ ሀብቱንም አጣ። ከዚያ በኋላ ግን ሰዎች መልሰው አቆሙት።

ዛሬ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚሄድ ሰው ታንኳ አያስፈልገውም፤ በእግሩ ይገባል። ውሃው ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሸሸ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተያይዛ ልሳነ ምድር ሆናለች። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል። ለእኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ይህ የበለጠ ያስደንቀኛል። ጦርነት ደሴቲቱን ደሴት ከመሆን አላስቀራትም ነበር፤ የውሃው መሸሽ ግን አስቀራት። ይህም አንድም ጥይት ሳይተኮስ፥ አንድም ዐዋጅ ሳይነገር የሆነ ነገር ነው። አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ለሚወስደው ውሃ ነበር፤ ለካ ውሃ ሲሄድም እያሳሳቀ ነው።

የውሃው ጠባይም ተለውጧል። በ1978 ቆሮሶ የተባለው የዓሣ ዘር ከሌላ ቦታ አምጥተው ወደ ሐይቁ ጨመሩት። ይህም ለአካባቢው ሕዝብ ምግብና ገቢ ስለሆነ ጠቃሚ ነበር፤ ዛሬም የዓሣ አስጋሪው እንጀራ በእርሱ ነው። ነገር ግን በ1992 የታተመ የሊቃውንት ጥናት ቀድሞ እጅግ ጥሩ የነበረው ውሃ በአልጌ እየተሞላ ጥራቱን እያጣ መምጣቱን ገለጸ። ከተራራው የሚታጠበው አፈር፥ ከማሳው የሚወርደው ማዳበሪያና ከሰው መኖሪያ የሚፈስሰው ቆሻሻ ሁሉ ለአልጌ ምግብ ይሆናሉ። አስቀድሜ እንዳልሁት ይህ ሐይቅ መውጫ የለውም።

የጣና ደሴቶችና የጥንት ሕጋቸው

ከሐይቅ እስጢፋኖስ ቀጥለን ወደ ጣና ብንሻገር ነገሩ በሰፊው ይታየናል። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። በብዙዎቹ ላይ ገዳማት አሉ። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ይጠበቃል። በደቅ ደሴት የምትገኘውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ክብራን ገብርኤል በ14ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ ሲሆን፥ በጣና ቂርቆስም ታቦተ ጽዮን ለብዙ ዘመን አርፋ ነበር የሚል ትውፊት አለ።

እነዚህን ደሴቶች ከሩቅ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በዙሪያው ያለው የብስ ታርሶ ተራቁቶ ሳለ ደሴቶቹ ግን በደን ተሸፍነው አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። ይህ የሆነው አፈራቸው የተለየ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሕግ ስለ ነበራቸው ነው። በገዳሙ ዙሪያ ያለው ዛፍ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር፥ እንደ ልብሱም ይቈጠራልና ማንም አይቈርጠውም።

ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነው ምሳሌ ዘጌ ነው። ዘጌ በጣና ደቡብ ዳርቻ የሚገኝ ልሳነ ምድር ሲሆን፥ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉ በሥዕል ያጌጡ አብያተ ክርስቲያናት አሉት። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት ጻድቅ ምድሩ እንዳይታረስ፥ ከብትም እንዳይረባበት፥ ዛፉም እንዳይቈረጥ ከልክለው፥ ለሕዝቡ መተዳደሪያ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ ሰጡ። ታሪኩን እንደ ተአምር ብንቀበለውም ባንቀበለውም፥ ፍሬው በዐይን የሚታይ ነው። ቡና በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ስለዚህ ቡናውን የፈለገ ዛፉን ይጠብቃል። በሬ ከሌለ ማረሻ የለም፤ ማረሻ ከሌለ አፈሩ አይታጠብም። ሕዝቡም እህሉን ከገበያ በቡናው ይለውጣል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የዘጌ ሕግ «አትቍረጥ» ብሎ ብቻ አልቀረም፤ «ቈራጭ ሳትሆን በምን ትኖራለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። መልስ የሌለው ክልከላ ብዙ ዘመን አይቆምም።

እንግዳ ሲመጣ

የውጭ ሀገር ሰዎች ጣናን ከጥንት ጀምረው ጐብኝተዋል። ጄምስ ብሩስ በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት እስከ ግሽ ዓባይ ሄዷል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶቹን ዞሮ ካየ በኋላ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። ነገር ግን እነዚህ ጥቂቶች ነበሩ፤ የሄዱትም በበቅሎና በደንገል ታንኳ ነበር። ጐብኚ በብዛት ለማምጣት መንግሥት የተነሣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ የቱሪዝሙን ሥራ የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን የሀገራችንን መጠሪያ ፈጥረው በዓለም አስተዋወቁ። ይህም መጠሪያ በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ግማሽ መቶ ዓመት አገልግሏል። ባሕር ዳር፥ ጎንደር፥ ላሊበላና አክሱም በአንድ መስመር ተያይዘው «ታሪካዊ ጐዳና» ተባሉ፤ የጣና ደሴቶችም የዚህ ጐዳና መጀመሪያ ሆኑ።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም መካድ አይገባም። ጀልባ ነጂው፥ አስጐብኚው፥ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው፥ ከደንገል ትንንሽ ታንኳ እየሠራ የሚሸጠው ሁሉ እንጀራ አገኘ። ገዳማቱም ከመግቢያ በሚገኘው ገንዘብ ጣራቸውን ይጠግናሉ፥ መጻሕፍታቸውንና ዘውዶቻቸውን ያስጠብቃሉ። የሥዕሎቹም ዋጋ በዓለም ፊት ስለታወቀ እንዳይጠፉ የሚያስብላቸው በዛ።

አንዳንድ ሰዎች «ገደብ ካበዛን ጐብኚ ይሸሻል» ይላሉ። የጣና ገዳማት ግን ይህ ስሕተት መሆኑን አሳይተዋል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው፤ ይህም ሕግ ጐብኚ ስለመጣ አልተለወጠም። ሴት ጐብኚ እስከ ወደቡ ደርሳ ከዚያ ትመለሳለች፤ ቢሆንም ጀልባው ከባሕር ዳር መነሣቱን አላቋረጠም። በሕጉ የማይስማማ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ለማለት የፈለግሁት ሌላ ነው። ሕግ ያለው ቤት እንግዳ አያጣም። እንዲያውም ጐብኚውን ከሩቅ ሀገር የሚስበው ሌላ ቦታ የማያገኘው ሥርዐት በመኖሩ ነው።

ነገር ግን ጉዳትም መጣ። ባሕር ዳር ከትንሽ መንደርነት ወደ ትልቅ ከተማነት ስታድግ የማገዶ እንጨት ፈለገች፤ ከዘጌም እንጨት በደንገል ታንኳ ተጭኖ ወደ ከተማዋ ገበያ ይሄድ ጀመር። የቡናው ገቢ ለቤተ ሰቡ ሲያንስ የጻድቁ ሕግ ብቻውን ምሳርን መያዝ አልቻለም። በሐይቁም ዳር ሆቴልና መዝናኛ ሲሠራ ደንገሉ ይነሣል፤ ደንገል ደግሞ ለዓይን ውበት ብቻ አይደለም፤ ዓሣ የሚራባበት፥ ወፍ የሚጠለልበት፥ ከየብስ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራ የሐይቁ ወንፊት ነው። ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ወይጦዎችም ዕቃቸው ከዚሁ ደንገል ነው። ጐብኚው ፎቶግራፍ ሊያነሣው የመጣው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ለጐብኚው ሆቴል ሲባል ከተነቀለ፥ ይህ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ተረት ነው።

የጢስ እሳት ትምህርት

ውሃን የሚፈልገው ጐብኚው ብቻ አይደለም። ይህን ለመረዳት የጢስ እሳትን ታሪክ ማንበብ ይበቃል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወደ 45 ሜትር ከሚሆን ገደል ይወረወራል። ፏፏቴው ለጐብኚዎች የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ሥዕሉ ታትሞ ነበር። በ1964 አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በአጠገቡ ተሠራ፤ ብዙም አልጐዳውም። በ1996 ደግሞ በሐይቁ መውጫ በጨራ ጨራ የውሃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራውን ሲጀምር አብዛኛው ውሃ ከፏፏቴው ወደ ማመንጫው ተመለሰ። እንግዲህ ከሩቅ ሀገር የመጣው ሰው በበጋ የሚያየው ጥቁር ገደልና ቀጭን ውሃ ሆነ።

በ2003 የሐይቁ ውሃ እጅግ ስለ ወረደ መርከቦች ለወራት መጓዝ አቃታቸው። በደሴቶቹና በዳርቻው ለሚኖረው ሕዝብ መርከብ መዝናኛ አይደለም፤ እህልና ሕመምተኛ የሚያመላልስ መንገዱ ነው። በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ በኋላ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ሥራ ስለ ቀነሰ ለፏፏቴው ውሃ የሚለቀቅበት ጊዜ ተገኘ፤ ነገር ግን የጣና በለስ ውሃም የሚመጣው ከዚያው ከሐይቁ ነው።

እዚህ ላይ መብራቱን የምነቅፍ አይምሰላችሁ። በኩራዝ ያጠና ተማሪ የመብራትን ዋጋ ያውቃል። ነገር ግን ሦስት ባለጉዳዮች፥ ማለት መብራት ፈላጊው፥ ጐብኚውና ደሴተኛው፥ ከአንድ ማሰሮ ሲቀዱ አስቀድመው ካልተመካከሩ በቀር ማሰሮው ለማንም አይበቃም።

ሌላው የሐይቁ ጠላት ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ የተባለው አረም ነው። በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው። በመልካም ሁኔታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ነቅለው ሳይጨርሱት ተመልሶ ይሞላል። ይህም አረም የሚወፍረው ከማሳ ታጥቦ በሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፥ ከከተማም በሚፈስሰው ቆሻሻ ነው፤ ስለዚህ አረሙ በሽታ ብቻ ሳይሆን የበሽታ ምልክትም ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የተነሡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ወደ ባሕር ዳር ሄደው ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር እምቦጭ ነቅለዋል። «ኬኛ» ማለት በኦሮምኛ «የእኛ» ማለት መሆኑን ለሰንበቴ አንባቢ መተርጐም አያስፈልገኝም። ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ገበያ ለምንሰማ ለእኛ፥ ያ ቃል ከአረሙ ነቀላ የበለጠ ሥራ ሠርቷል እላለሁ።

የዓሣውም ነገር አለ። በጣና ብቻ የሚገኙና የሀገሬው ሰው ነጭ ዓሣ የሚላቸው ወደ 15 የሚሆኑ ዘመዳማ የዓሣ ዘሮች አሉ፤ በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ ወደ ወንዞቹ አፍ ለመራባት በሚሰበሰቡበት ወቅት ይጠመዱ ጀመር፤ በ1990ዎቹም ቍጥራቸው እጅግ ቀነሰ። ለሆቴሉ ገበታ የሚቀርበው ዓሣ ከዚሁ ሐይቅ መውጣቱን ስናስብ ጐብኚውም በዚህ ዕዳ ድርሻ እንዳለው እንረዳለን።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ሐሳቡ ቦታውን በሦስት መክፈል ነው፤ ፈጽሞ የማይነካ እምብርት፥ በጥንቃቄ የሚሠራበት መካከለኛ፥ ሰውም የሚያርስበትና የሚነግድበት ውጭኛው ክፍል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ትዝ አለኝ። አባቶቻችን በሦስት ክፍል መጠበቅን ከዩኔስኮ በፊት ያውቁት ነበር።

ከሌላው ዓለም

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገኙትና በኢኳዶር ሥር ያሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ቻርልስ ዳርዊን በ1835 ስለ ጐበኛቸው የታወቁ ናቸው። በ1959 ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። ጐብኚ ያለ መሪ በፓርኩ ውስጥ እንዳይዘዋወር ሕግ ወጣ። ቢሆንም ሰውና ከውጭ የገባ እንስሳ ስለ በዛ ዩኔስኮ በ2007 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ጻፋቸው፤ ጥበቃው ሲሻሻል በ2010 ከዚያ መዝገብ ወጡ። በ2024ም የውጭ ጐብኚ የመግቢያ ክፍያ ከ100 ወደ 200 ዶላር ከፍ አለ።

በፊሊፒንስ ያለችው ትንሿ ቦራካይ ደሴት ደግሞ ሆቴሎቿ ፍሳሻቸውን ወደ ባሕር ስለ ለቀቁ ውሃዋ ተበላሸ። መንግሥትም በሚያዝያ 2018 ደሴቲቱን ለጐብኚ ዘግቶ፥ የፍሳሽ መስመሯን አስተካክሎ፥ ከስድስት ወር በኋላ በጐብኚ ቍጥር ላይ ወሰን አድርጎ ከፈታት። ለስድስት ወር ሥራ ያጡትን ሠራተኞች ማሰብ ያሳዝናል። ነገር ግን ቦራካይ በባሕር መካከል ናት፤ ባሕሩ የገባበትን ቆሻሻ በማዕበሉ ይወስደዋል። መውጫ የሌለው ሎጎ ሐይቅ ቢበላሽ በስድስት ወር ዘግተን የምናጸዳው አይደለም።

ለእኛ የሚበጀን

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሎጎ ሐይቅና ለሌሎቹም ውሃዎቻችን ይበጃል ብዬ የማስበውን ባጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ከሆቴል በፊት መለኪያ ይቅደም። የውሃው ከፍታ፥ ጥራቱና ዓሣው በየጊዜው ተለክቶ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር። በአካባቢው ያሉ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ይህን ሥራ መርዳት ይችላሉ።

ሁለተኛ፥ ከማንኛውም ማረፊያ ቤት አንዲት ጠብታ ፍሳሽ እንኳ ሳይጣራ ወደ ሐይቁ አይግባ። በጣና የሚደረግ ስሕተት ከፊሉ በዓባይ ይወጣል፤ በሎጎ የሚደረግ ስሕተት ግን በዚያው ይኖራል።

ሦስተኛ፥ የሐይቁ ዳር ደንገሉና ሣሩ እንደ ተከበረ ይቅር። ሆቴሉ ከውሃው ትንሽ ራቅ ቢል ጐብኚውን አይጐዳውም፤ በእግሩ ቢሄድ ደግሞ ይጠቅመዋል።

አራተኛ፥ የገዳሙ ሥርዐት ይከበር፤ መነኰሳቱም ለጌጥ ሳይሆን ለምክር ይጠሩ። ከ700 ዓመት በላይ በዚያ የኖረ ተቋም ስለ ቦታው የሚያውቀው አለና።

አምስተኛ፥ ከጐብኚው የሚገኘው ገንዘብ ከጀልባና ከሆቴል ባለቤት አልፎ ከተራራው ላይ ለሚያርሰው ገበሬ ይድረስ። ሐይቁን የሚሞላው ደለል የሚመጣው ከእርሱ ማሳ ነው፤ እርከን እንዲሠራና ዛፍ እንዲተክል የምንፈልግ ከሆነ ድካሙን ልንካፈለው ይገባል። የዘጌ ሕግ የጸናው «በምን ልኑር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ስለ ነበር፥ የላላውም መልሱ ሲያንስ እንደ ሆነ አይተናል።

ስድስተኛ፥ በጐብኚ ብቻ አንመካ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መንገዱን ዘጋ፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ወሎን አዳረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን የተነሣው ግጭት ጐብኚን አራቀ። በጀልባና በማስጐብኘት ብቻ ይኖሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች ምን ያህል እንደ ተቸገሩ መገመት አያዳግትም። ጐብኚ ሲቀር የሚቀረው ውሃው፥ ዓሣው፥ ቡናውና እርሻው ነው። እነርሱን ለጐብኚ ብለን ካጠፋን፥ ጐብኚው በቀረ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ በእኛ አካባቢ ደሴት የለም፤ ውሃ ግን አለ። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። በበጋ የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት ሣር የሚያገኘው በዚያ ነው፤ ከሩቅ የሚመጡ ወፎችም ያርፉበታል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚሄድበት፥ ለመስኖ እርሻም ውሃው የሚጠለፍበት ይኸው ወንዝ ነው። ነገ ስለ ጨፋም «ሆቴል ይሠራ፥ ጐብኚ ይምጣ» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል፤ ይነሣም ዘንድ እመኛለሁ። ያን ጊዜ ግን ከእናንተ መካከል ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት የሚናገር ሰው ይገኝ፤ በውሃ መካከል የነበረችው ምድር እንዴት በእግር የሚገባባት እንደ ሆነች፥ ጢስ እሳት እንዴት እንደ ቀጠነ፥ ዘጌ ለምን እንዳልታረሰ ያስረዳ።

አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲበላ ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቅም እንደ ነበር ተምረናል። በእስልምናም ሰው በምድር ላይ አደራ ተቀባይ መሆኑን ከጓደኞቻችን ሰምተናል። አደራ ደግሞ የሚመለስ ነገር ነው። ትምህርት ቤታችን ይህን የበዓል ዓመት ሲያከብር በትምህርት ያሳደገን ለዚህ ይመስለኛል፤ እንግዳን በክብር እንድንቀበል፥ ቤታችንንም ለልጆቻችን ሳይጐድል እንድናስረክብ። ፈጣሪ ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ውሃዎቻችንንም ይጠብቅልን።